ጎፋ የደረስኩት ለቅሶ

ያ እሑድ በተነሳ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ከዚያ በኋላ የተወለዱት ልጆቼ «እማዬ፣ ስንት ዘመን አለፈው፤ አሁን እኮ ያስቃል» ይሉኛል። ይሳቁ። እነሱ አልነበሩም። ከልጆቼ ያን ቀን የነበረችው ትልቋ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ አትስቅም።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ስለ ሃይማኖት ለመከራከር አልጽፍም፤ ለክርክሩ የተማሩት አሉለት። የምጽፈው ያየሁትን፣ የሰማሁትንና ያናደደኝን ብቻ ነው።

ቤታችን መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ በዙሪያችን የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነው፤ ከማሳው ወዲያ ባሕር ዛፍ። ባለቤቴ የዚያው አገር ተወላጅ ናቸው። ከወንድማቸው ጋር ለቡ ያለውን የአባታቸውን መሬት ያርሳሉ፤ በቀረው ጊዜ ነፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ናቸው። በዕድሜ እጅግ ይበልጡኛል። ከተጋባን ጀምሮ «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብያቸው አላውቅም፤ ተናድጄም፣ ታምሜም፣ ምጥ ይዞኝም ቢሆን። ይህን አሁን የማነሳው በኋላ ስለሚመጣ ነው።

እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ሰማዩ ሲጠቁር ልጄ ወንዙን ተሻግራ ይሆን ብዬ የምወጣ፣ የሚያስል ሰው ቤታችን ከገባ ኩባያውን ለብቻ የማስቀምጥ ነኝ። ልጅ ቀብሬያለሁና አይፈረድብኝም። የትልቋ ታናሽ፣ ወንድ ልጄ፣ በትኩሳት ሞተብኝ። አቦ ነው ያረፈው። እሷ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አላለቀሰችም። ለለቅሶ ለመጣው ሰው ውሃ ታቀርባለች፣ መቀመጫ ታመጣለች፣ እኔን በጨርቅ ታራግበኛለች። ሴቶቹ «እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ!» እያሉ አደነቋት። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ጠዋት፣ እሷ ወጥታ መኝታዋን ሳነጥፍ፣ ትራሷን በእጄ እዳስሳለሁ። ደረቅ ነው። ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ፣ ደረቅ ነው።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥፋት ጀመረች። «ጥናት አለን» ትለኛለች። እኔም አመንኳት፤ ትምህርቷ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ግን አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ፣ ወሬ የማያመልጣት ሴት፣ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«ልጅሽን ጎፋ አየኋት እትዬ። ከነዚያ ከሚጮሁት ልጆች ጋር።»

«የምን የሚጮሁ?»

«ሰው ቤት ተሰብስበው የሚጮሁ ናቸዋ! ጫማቸውን ሳያወልቁ የሚጸልዩ፣ ወንዱም ሴቱም ባንድ ላይ።»

«እሷ የሄደችው ለጥናት ነው።»

«እንግዲህ እየጮሁ የሚጠና ትምህርት ካመጡ ምን አውቄ» አለችና ሄደች።

ጴንጤ የሚለው ስድብ ገና ሰፈራችን አልደረሰም ነበር፤ «የሚጮሁት» ነበር የሚባሉት። ለባለቤቴ ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም፤ አጥሩ አንድ ነው። እራት ላይ ድምፃቸውን ሳያነሱ እንዲህ አሉ፦

«የንስሐ አባታችንን ጠይቄያለሁ። ከነሱ ጋር የተቆጠረች አቦ አትቀበርም። አንድ ቀን እዚያ ብትገኝ ይህ በር አይከፈትላትም። መወርወሪያው ከውስጥ ነው ያለው፤ የምወረውረው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ልጄ አንገቷን ደፍታ መብላቷን ቀጠለች። እኚህ ሰው ያሉትን የሚያደርጉ ናቸው። የገዛ እህታቸው ልጅ አንድ ቀን ሰክሮ መጥቶ ቢሰድባቸው በሩን ዘጉበት፤ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። የአሥራ ስድስት ዓመት ሴት ልጅ በር ከተዘጋባት የት ትሄዳለች? በሕይወቷም የማን ቤት ትገባለች? ስትሞትስ ከወንድሟ አጠገብ ካላረፈች የት ትወድቃለች? ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ።

የውቂያ ጊዜ ደረሰና ባለቤቴ ቅዳሜ ዕለት በበቅሎ ወደ ለቡ ሄዱ። በቅሎዋ ደንባራ ናት፤ ስንት ጊዜ «ይሽጧት» ብያቸዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ልጄ ነጠላዋን ሳታወልቅ «ጥናት አለኝ» ብላ ወጣች። ዛሬ ነው አልኩ። ባለቤቴ ሳይመለሱ ሄጄ፣ ከመካከላቸው ጎትቼ አውጥቼ፣ አቦ ደጅ አቁሜ አስምላታለሁ። ይሄው ነበር ሐሳቤ። የሚጮሁት ልጆች ምን እንደሚያመልኩ ለማወቅ ቅንጣት ፍላጎት አልነበረኝም።

ወንዙን በድንጋይ ድንጋዩ ተሻገርኩ። ጎፋ ስደርስ ከአንድ ደጅ ላይ ሽንኩርት ዘርግታ የምትሸጥ ሴትዮ አገኘሁና «የሚጮሁት ልጆች ቤት በየት ነው?» አልኳት።

«ቀጥ ብለሽ ሂጂ፤ ጆሮሽ ያሳይሻል» አለችኝ።

ሄድኩ። ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ያለች የጭቃ ቤት ነበረች። ገና ሳልደርስ ሰማሁት። ለቅሶ ነው! እኔ ለቅሶ አውቃለሁ፤ ተቀምጬበታለሁ። ለቅሶ ቤት ከሩቅ ሲሰማ የራሱ ድምፅ አለው። አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ያቃስታል፣ አንዱ ለብቻው ያወራል፣ ሁሉም በየራሱ ነው፤ ግን አንድ ላይ ሆኖ እንደ ጎርፍ ይመጣል። ይህም እንደዚያ ነበር። ምስኪኖች፣ ሰው ሞቶባቸዋል አልኩ። ከዚያ መካከል የልጄን ድምፅ ለየሁት።

«አባቴ!» ትላለች። «አባቴ! አባቴ! አባቴ!»

ያቺ የማታለቅሰዋ ልጄ። ቤት ውስጥ «አባዬ» ነው የምትላቸው፤ «አባቴ» ብላ አታውቅም። ግን ለቅሶ ላይ ማን አባዬ ይላል? በቅሎዋ ጣለቻቸው! መርዶ ለሚስት መጨረሻ ነው የሚነገረው፤ ዘመድ ቀድሞ ይሰማል፣ ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ እሷ እህል እስክትቀምስ ይጠበቃል። እንግዲህ ለልጅቷ ነግረዋት፣ ከኔ ደብቀዋት፣ እዚህ ሰው ቤት እያስለቀሷት ነው።

ሌላ ነገር አላሰብኩም። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ መቀነቴን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩ፣ ደረቴን እየመታሁ በሩን በርግጄ ገባሁ።

«ወየው! ወየው ጌታዬ! ምነው ለኔ ሳትነግረኝ!»

እነሱም ባሰባቸው። ቤቱ በተማሪ ጢም ብሏል፤ ግማሹ ተንበርክኳል፣ ግማሹ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። እኔን ሲያዩ ጩኸቱ ከፍ አለ። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ ያ ነው ወጉ፤ ለቀስተኛው ይቀሰቀሳል። እኔም መካከላቸው ገብቼ ሙሾዬን አወጣሁ። ለሟች ደግሞ «እርስዎ» ተብሎ አይለቀስም። ንጉሥም ቢሆን ሲሞት «አንተ» ነው።

«በርህ ለራበው የማይዘጋ፣ ለመሸበት የማይቆለፍ፣
ልጄን ለማን አደራ ብለህ ነው፣ እንዲህ በድንገት የምታልፍ?»

«አሜን!» አሉ።

የምን አሜን ነው? ቢሆንም የያዘኝ ነገር አልለቀቀኝም።

«ለቡ አውድማህ ላይ ገለባው ገና ሳይነሳ፣
ምነው ተኛህ አንተ ሰው፣ ማንስ ጠርቶህ ትነሳ?»

«ተነሥቷል!» ብሎ ጮኸ አንዱ። «ተነሥቷል! ሃሌ ሉያ!» አሉ ሁሉም። በየት በየት እንደመጡ ያላየኋቸው እጆች ራሴ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ፣ ጀርባዬ ላይ ዐረፉ። ራሷን እንዳትጎዳ ብለው ደግፈውኝ ነው ብዬ ተደገፍኩ። «ነፍስ ይማር» የሚል ግን የለም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚል የለም። አንዲት ልጅ ጆሮዬ ሥር «ተባረኪ፣ ተባረኪ» ትላለች። ባሏ የሞተባትን ሴት ተባረኪ! የተማረ ልጅ እንዲህ ነው የሚያጽናናው እንዴ ብዬ በለቅሶዬ መሃል ንዴት ጀመረኝ።

ልጄ በሰው መካከል ተጋፍታ መጣች። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ዓይኗ ግን ያበራል።

«እማዬ! መጣሽ!»

«በቅሎዋ ናት?» አልኳት።

«የምን በቅሎ?»

«የጣለቻቸው! አባትሽን!»

«አባዬን? አባዬ ለቡ አይደል እንዴ ያለው?»

ቤቱ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ከኋላ የነበሩት ግን ገና አልሰሙም ነበርና «ሃሌ ሉያ» ማለታቸውን አልተዉም። እጆቹ አንድ በአንድ ከላዬ ተነሱ። ነጠላዬ እንደተዘቀዘቀ፣ ሙሾ ያወጣሁላቸው ሰው ለቡ ላይ ምናልባት ምሳ እየበሉ፣ እኔ በሰው ልጆች መካከል ተገትሬ ቀረሁ።

ኮት የለበሰ ቀጭን ወጣት ወደ ፊት መጣ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ መሪያቸው መሆኑ ነው።

«አይዞሽ እህቴ» አለኝ። «ጌታ አንቺን ወደዚህ ያመጣበት መንገድ አለው።»

«ማነው እህትህ?»

«በጌታ ሁላችንም ወንድምና እህት ነን።»

«ማንን ነው አንቺ የምትለው? ቤትህ ሂድና እናትህን ‹እህቴ› በላት። ከዚያ ጥርስህን ቁጠር።»

ከሴቶቹ አንዷ በመዳፏ አፏን ይዛ ሳቀች። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ይህ ደግሞ ይብስ አነደደኝ። «ይቅርታ» አለ፣ «ይቅርታ እህ...» ብሎ ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

የልጄን ክንድ ያዝኩ። «ውጪ!»

«እስኪያልቅ እማዬ። ጸሎቴን አልጨረስኩም።»

በሕይወቷ እምቢ ብላኝ አታውቅም። ጎትቻት ብወጣ ነገ ተመልሳ ትመጣለች። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ነጠላዬን ገለበጥኩና እንደ ወጉ ለበስኩ። አምልኳቸውን እንዲህ ነው ያየሁት፤ ወድጄ አይደለም፣ ልጄን ስጠብቅ ነው።

ግድግዳው በጋዜጣ ተለጥፏል። ሥዕል የለም፣ መጋረጃ የለም፣ ከበሮ የለም። ሁሉም ጫማ አድርገዋል፤ ጭቃቸውን ይዘው ነው እግዚአብሔር ፊት የተቀመጡት። አንዱ አኮርዲዮን ይዞ እየተጫወተ ያዘምራቸዋል፣ እነሱ ያጨበጭባሉ። ዜማው ትምህርት ቤት የሚዘመር የሰልፍ መዝሙር ይመስላል። አልወደድኩትም። መልካም ድምፅ ያላቸው ልጆች እንደነበሩ ግን አልክድም።

መዝሙሩ ሲያልቅ እንደገና ሁሉም በየራሱ ጀመረ። እኔ ያደግሁት ቄሱ ጸልየውልኝ፣ በማይገባኝ በግዕዙ፣ ከመጋረጃው ርቄ ቆሜ ነው። እነዚህ ግን እግዚአብሔርን አጠገባቸው እንደተቀመጠ ዘመድ ያዋሩታል። አንዱ ስለ አልጀብራ ፈተና ይለምናል። አንዷ የእንጀራ እናቷ ስለምትሰድባት ትከሳለች። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ኮተት የሚሰማበት ጊዜ አለው ወይ እያልኩ በልቤ ስዘልፋቸው ልጄ ተንበረከከች።

የወንድሟን ስም ጠራች። ከቀብሩ ወዲህ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«ውሃ ስጪኝ አለኝ» አለች። «ቆይ አልኩት። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ቆይ አልኩት። ስመለስ ተኝቶ ነበር። አላስነሳሁትም።»

ከዚያ አለቀሰች። አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን፣ ትከሻዋ እየተናጠ አለቀሰች። በዚያ ትራስ ላይ ስንት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት እንባ ይኸው፤ ጎፋ፣ ጫማ ባደረጉ ልጆች ፊት፣ ጋዜጣ በተለጠፈበት ቤት። ላቅፋት ተነሳሁ። አንዲት እኩያዋ ቀድማኝ አቀፈቻት። ልጄም ራሷን እሷ ትከሻ ላይ ጣለች። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ የተናደድኩትን ንዴት ምን ብዬ ልጻፈው? ቤቱን ባቃጥለው በወደድኩ። ማን ናቸው እነሱ? ትኩሳቱን በእርጥብ ጨርቅ ያበረድኩ እኔ ነኝ። መሬት ሲገባ ያየሁ እኔ ነኝ። ለወንድሟ የሚለቀስ እንባ የኔ ነበር፤ ስጠብቀው ኖሬ፣ ስሙን ለማያውቁ ሰዎች ተሰጠብኝ።

በመንገድ ላይ ወንዙ ዘንድ እስክንደርስ አላናገርኳትም። ድንጋዩ ላይ ቆምኩና ዞር ብዬ «ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እናትሽ ፊት እንዳታለቅሺ አሉኝ።»

«ማነው ያለሽ?»

«ሁሉም። የቀብሩ ዕለት። ጎረቤታችን፣ አክስቴ፣ የንስሐ አባታችንም። ካለቀስሽ እናትሽን ትገያታለሽ አሉኝ።»

«እና እስከ መቼ ነው ያሉሽ?»

ትንሽ አሰበች። «እሱን አልነገሩኝም» አለች።

ውሃው እግሬን እያራሰኝ ቆምኩ። ንዴቴ ከጎፋ ተነስቶ ወደ መካኒሳ ዞረ። ያ ሁሉ ሰው ቤቴ ተቀምጦ፣ ቤቴ በልቶ፣ ለልጄ አፍ ቁልፍ ሠርቶ ሄደ። ለመክፈት የተመለሰ አንድም የለም። ቤት ስንደርስ በሩን ዘግቼ «በይ፣ አሁን እዚህ አልቅሺ። ማንም የለም፣ እኔ አልሞትም» አልኳት። አጠገቤ ቁጭ አለች። ሞከረች፤ እየሞከረች እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

«እዚህ አልመጣ አለኝ እማዬ» አለች በመጨረሻ፤ ጥፋተኛ ሆና።

በማግስቱ ጎረቤቴ መጣች። ሌላ ጊዜ ዘው የምትለዋ ሴት ከደጅ ቆማ፣ አልቀርብም ብላ፣ «ምን ይወዳል?» አለችኝ።

«ማን?»

«የወረደብሽ ነዋ። ሽቶ ነው የሚወደው? ወይስ ቀይ ዶሮ?»

ልጆቹ ጎፋ ላይ «የእህታችን እናት መጥታ መንፈስ ወረደባት» ብለው አውርተዋል። እነሱ መንፈስ ሲሉ ሌላ ማለታቸው ነው። እኛ ሰፈር ግን መንፈስ ያለባት የተባለች ሴት ዛር ያለባት ናት። ወሬው ወንዙን ሲሻገር እንዲህ ሆኖ ተሻገረ። በዚያ ሳምንት ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ መንገድ ይለቁልኛል፣ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይስባሉ። እኔን! ለሰው ኩባያ ለብቻ የማስቀምጠውን ሴት!

ባለቤቴ ከለቡ በሰላም ተመለሱ። በቅሎዋም ደህና ናት። ጎረቤታችን መንገድ ላይ ቀድማ አግኝታቸው ኖሮ፣ ሲገቡ አልተቀመጡም።

«መንፈስ ወረደባት ተባለ» አሉ።

«አልወረደብኝም።»

«ታዲያ ሰው ቤት ገብተሽ ምን ሆነሽ ነው የጮኽሽው?»

መዋሸት አልችልበትም። «እርስዎ የሞቱ መስሎኝ ነው» አልኩ።

እጃቸው ቀስ ብሎ ደረታቸው ላይ ሄደ።

«በቁሜ አለቀስሽልኝ?»

«በቁምዎ።»

«ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ?»

«አዎ።»

«ምን ብለሽ?»

ነገርኳቸው። ሁለቱንም ግጥም፣ ያለ ዜማ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ጨርሼ ቀና ስል ፊታቸው ተለዋውጧል።

«አንተ አልሽኝ?»

«ሟች አንተ ነው የሚባለው።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ያጥራል የሚል እምነት አለ፤ እሳቸው ግን ከዚያ ይልቅ በ«አንተ» የተቆጡ መሰለኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሌላው ነገር ገባቸው።

«ስለዚህ እዚያ ነበረች ማለት ነው» አሉ።

ልጄን ልደብቅ ሄጄ፣ በራሴ ጩኸት አጋለጥኳት።

«ያለፈው አልፏል» አሉ። «በሚመጣው እሑድ ግን ከዚህ ቤት ከወጣች፣ ወጣች።»

እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ ተመለስን፣ ምሳ በላን። ባለቤቴ በርጩማቸውን በሩ መካከል ላይ አስቀምጠው፣ የበቅሎዋን ልጓም በወስፌ ሊሰፉ ተቀመጡ። ብርሃን ፈልጌ ነው ይላሉ፤ ግቢው በሙሉ ብርሃን ነው። መወርወሪያው በግራቸው በኩል ግድግዳውን ተደግፏል።

ልጄ ነጠላዋን ለብሳ ከጓዳ ወጣች። አልደበቀችም፤ ጥናትም አላለች። «አባዬ፣ ልለፍ» አለች። እሳቸው ቀና ሳይሉ መስፋታቸውን ቀጠሉ። እሷ ቆመች። ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ያው የድሮው፣ ውሃ የምታቀርበዋ ልጅ ዓይን። ያን ሳይ የነበረኝ ትዕግሥት ሁሉ አለቀ። ጎፋ ሂጂ ልላት አልፈለግሁም። ያ ኮታም፣ ያ አኮርዲዮን፣ ያቺ ቀድማኝ ያቀፈቻት ልጅ፣ ሁሉም ገደል ይግቡ። የፈለግሁት መመለሻ በር እንዲኖራት ብቻ ነው።

«ተነሳ» አልኩት።

ይነሱ አይደለም ያልኩት። ተነሳ ነው።

ወስፌው ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አልሽ?»

«ተነሳና ልጅቷ ትለፍ። ማታም ስትመጣ ይከፈትላት።»

«አሁንም ሞቻለሁ እንዴ?»

«በሩን ከዘጋህ፣ አዎ» አልኩት። «በርህ ለመሸበት የማይቆለፍ ብዬ አልቅሼልሃለሁ። ያ ሁሉ ልጅ ሰምቶ አሜን ብሏል። ዛሬ ብትቆልፍ እዚያው ሄጄ፣ መካከላቸው ቆሜ፣ ዋሽቼ ነው እላለሁ። ምስክርነት ይወዳሉ፤ ደስ ብሏቸው ያዳምጡኛል። ወሬው እዚህ ሲደርስ ደግሞ ምን ሆኖ እንደሚደርስ አንተው ታውቃለህ።»

ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ሰውነቴ ተዘጋጅቶ ነበር። አልተነሳም። ልጓሙን ወደ ጭኑ ሳበና ጉልበቱን ወደ ግራ ሰብሰብ አደረገ። የተከፈተው ቦታ አንዲት ቀጭን ልጅ በጎን የምታሳልፍ ያህል ነው። ልጄ ቀሚሷን ሰብስባ አለፈች። ወደ ኋላ አላየችም። እናቷን አመሰግናለሁ ትል ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለችም፤ በዚያም ተናደድኩ።

ከሰዓት በኋላውን እሳቸው ልጓሙን ሰፍተው ጨርሰው፣ ፈትተው፣ እንደገና ሰፉ። እኔ ምስሩን ለቀምኩ፤ ድንጋዩንም ምስሩንም አብሬ ሳልጥል አልቀርም። ፀሐይ ወደ ለቡ ስታዘነብል ተነሱ፣ በርጩማቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። መወርወሪያውን አነሱት። ሁለቴ በእጃቸው መዘኑት፤ ከዚያ ወስደው ከመደቡ ጀርባ፣ በቀላሉ ከማይደረስበት ቦታ አጋደሙት። በሩን ገርበብ አደረጉና መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

ሁለታችንም መንገዱን ነበር የምናዳምጠው። የልጅቷ ኮቴ ገና አልተሰማም።

«ሌላስ ምን አልሽልኝ?» አሉ፣ ወደኔ ሳይዞሩ።

«ሲሞቱ ይሰሙታል» አልኳቸው።